በመጨረሻው ገጽ ማን ተለወጠ?



የዛሬው ጉዳያችን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሠላሳ ገጽ ገደማ ያለው፣ ከጽሑፉ ሥዕሉ የሚበዛ፣ ከመኝታ በፊት ተጀምሮ የሚያልቅ መጽሐፍ ነው። ልጅ ግን ይህን መጽሐፍ አንዴ ሰምቶ አይተወውም። «ድገሚልኝ» ይላል፤ ይደገምለታል። ውሎ አድሮ በቃሉ ይይዘውና እናቱ አንድ መሥመር ስትዘል ያርማታል። እኛ ትልልቆቹ ካነበብናቸው መጻሕፍት የትኛውን ነው እንዲህ የደጋገምነው? እንዲህ በሚደጋገም ነገር ውስጥ የገባ ሐሳብ ሥር ይሰዳል፤ ደጉም ክፉውም።

የማነሣው ከሌላው ለየት ብለው የሚታዩ ሰዎችን ስለ መቀበል የተጻፉ ሥዕላዊ መጻሕፍትን ነው። ቆዳው፣ አካሉ፣ አነጋገሩ፣ ጠባዩ ወይም የመጣበት አገር ከሰፈሩ ልጆች የተለየ ልጅ የሚገኝባቸው መጻሕፍት ማለቴ ነው። አብዛኞቹ በቅን ልብ የተጻፉ ናቸው። ቅንነት ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ መጻሕፍቱን የምመዝንበት አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ፦ ታሪኩ ሲያልቅ የተለወጠው ማን ነው? የተለየው ልጅ ወይስ ሲገፉት የነበሩት? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

በጣም ከታወቀው ልጀምር። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን «አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት»ን ያሳተመው በ1843 ነው። ጫጩቱን ከእንቁላሉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዳክዬዎቹ ይነክሱታል፣ ዶሮዎቹ ይነቁሩታል፣ መኖ የምትሰጣቸው ልጅ እንኳ በእግሯ ትገፋዋለች። የበረዶውን ወራት ብቻውን ይገፋል። ብርዱ ሲያልፍ ውኃ ላይ መልኩን ሲያይ ስዋን የሚባለው አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ልጆች ከዳር ቆመው በውበቱ ይደነቃሉ፤ ታሪኩም በዚሁ ያበቃል። ዳክዬዎቹስ ምን ሆኑ? ምንም። ተመልሶ የጠየቃቸው የለም። ጫጩቱ የተገላገለው እሱ ስላማረ ነው እንጂ እነሱ ስለታረሙ አይደለም። እንግዲህ ይህን ታሪክ አንድ እግሩ ከሌላው ላጠረ ልጅ አንብቡለት። ብርዱ ቢያልፍ፣ ፀሐይ ብትወጣ እግሩ አይረዝምም። ታሪኩ ለእሱ የያዘለት ተስፋ የለም።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው። በ1939 ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው የቺካጎ የንግድ ድርጅት ለገና በነጻ የሚያድለው የልጆች መጽሐፍ ፈለገና ሮበርት ሜይ የተባለ የማስታወቂያ ጸሐፊውን አዘዘ። ሜይ አፍንጫው ቀይ ሆኖ የሚያበራ ሩዶልፍ የተባለ አጋዘን ፈጠረ። በዚያው ዓመት 2.4 ሚሊዮን ቅጂ ታደለ። ሩዶልፍን እኩዮቹ ይስቁበታል፤ ከጨዋታም ያስወጡታል። የገና ሌሊት ጭጋግ ወርዶ መንገድ ሲጠፋ ግን የገና አባት በዚያ አፍንጫ ብርሃን እንዲመራው ይለምነዋል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወዳጁ ይሆናል። እስቲ አስቡት፤ ያ ሌሊት ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ሩዶልፍ ዛሬም ከጨዋታ ውጭ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ልጅ የሚቀስመው ሕግ ግልጽ ነው፤ የተለየህ ከሆንህ ወይ አምረህ ና፣ ወይ ጠቅመህ ና። ሕጉን የሚማረው የተለየው ልጅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አጠገቡ የተቀመጠውም ይማረዋል፤ «ይሄ ልጅ ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ሰው መመዘንን ይለምዳል።

ሌላ ዓይነት መጨረሻ እንዳለ ላሳያችሁ። በ1936 መንሮ ሊፍ ጽፎት ሮበርት ሎውሰን የሣለው «የፈርዲናንድ ታሪክ» ስለ አንድ የስፔን ኮርማ ነው። እኩዮቹ ወይፈኖች ቀኑን ሙሉ ሲዋጉ እሱ በቡሽ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አበባ ያሸታል። እናቱ ብቸኝነቱ አሳስቧት ትጠይቀዋለች፤ ደስተኛ መሆኑን ስትረዳ ግን እንዳሻው ትተወዋለች። አንድ ቀን ንብ ላይ ይቀመጥና ትነድፈዋለች። ሲዘልና ሲያጓራ ያዩት ሰዎች አስፈሪ ተዋጊ መስሏቸው ማድሪድ ወስደው ለኮርማ ትግል ያቀርቡታል። እሱ ግን ሜዳው መሀል ገብቶ፣ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የሰኩት አበባ ሽታ ስለመጣለት ቁጭ አለ። ቢያስቆጡት፣ ቢተነኩሱት ወይ ፍንክች። ወደ መስኩ መለሱት፤ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ አለቀ። አልተለወጠም፣ ጀግና አልሆነም፣ ማንንም አላዳነም። አምባገነኑ ፍራንኮ ይገዛት የነበረችው ስፔን መጽሐፉን ማገዷ አያስገርምም።

የዚህ መጽሐፍ ሁለተኛ ሕይወት ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። ዬላ ሌፕማን ናዚዎችን ሸሽታ ለንደን የኖረች ጀርመናዊት አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወደ ፈራረሰው አገሯ ተመለሰች። እዚያ የጠበቋት ልጆች ከእነሱ ዘር ያልሆነን ሁሉ እንዲንቁ ሲማሩ ያደጉ ነበሩ። ፈርዲናንድን ወደ ጀርመንኛ መለሰችው፤ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ አሳትማም በ1946 ገና ለበርሊን ልጆች አደለች። በ1949 ሙኒክ ላይ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ከፈተች። በ1953 ደግሞ እሷ የጠነሰሰችው ዓለም አቀፍ የሕፃናትና ወጣቶች መጻሕፍት ቦርድ ዙሪክ ላይ ተመሠረተ። ይህ ቦርድ ዛሬ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የተዘጋጁና ስለ እነሱ የተጻፉ መጻሕፍትን ከመላው ዓለም እየለቀመ ቶሮንቶ በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያኖራል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ማኪ በ1968 ያወጣው፣ በ1989 እንደገና ታትሞ ዓለምን ያዳረሰው «ኤልመር» የሚባል ዝሆን አለ። ሌሎቹ ዝሆኖች ግራጫ ናቸው፤ ኤልመር ግን በቢጫ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በሌላም ቀለም የተጣጣፈ ነው። ቀልደኛ ስለሆነ መንጋው ይወደዋል። እሱ ግን ለየት ማለቱ ይሰለቸውና ማለዳ ወጥቶ በቁጥቋጦ ፍሬ ጭማቂ ላይ ተንከባልሎ ግራጫ ይሆናል። ሲመለስ ማንም አያውቀውም። መንጋው ጭጭ ብሎ ቆሟል፤ ጨዋታ የለም፣ ሳቅ የለም። ኤልመር መታገሥ አቅቶት ይጮኻል፤ በዚያው ይስቃሉ፤ ዝናብ ይመጣና ቀለሙን ያጥብለታል። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ከሩዶልፍ ብዙ አይርቅም፤ የሚያስቅ ስለሆነ ተወደደ ያሰኝ ነበር። ማኪ ግን አንድ ገጽ ጨመረ። ዝሆኖቹ በዓመት አንድ ቀን ሁላቸውም ቀለም ተቀብተው በዓል ያከብራሉ፤ የዚያን ዕለት ግራጫ የሚሆነው ኤልመር ብቻ ነው። ብዙኃኑ ወደ አንዱ ሄዱ ማለት ነው። ማኪ ልጁ በቆዳዋ ምክንያት መንገድ ላይ ስትሰደብ መስማቱን ከዚህ ታሪክ መነሻ ጋር አያይዞ ተናግሯል። ይህን ያወቀ አባት የዝሆኖቹን በዓል እንደ ተራ ቀልድ አያልፈውም።

አሁን ደግሞ መልእክት የሚባል ነገር ወደሌለበት መጽሐፍ ላሻግራችሁ። ኤዝራ ጃክ ኪትስ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች ብሩክሊን የተወለደ ሠዓሊ ነው። በ1940 ላይፍ ከተባለው መጽሔት የአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶግራፎች ቆርጦ አስቀመጠ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረውት ኖሩ። በ1962 «በረዷማው ቀን» ሲታተም ያ ልጅ ፒተር ሆኖ ወጣ።

አንዱን ገጽ ቀረብ ብለን እንየው። ከተማው በሙሉ ነጭ ነው። ከራስ እስከ እግሩ ቀይ የለበሰ ልጅ ብቻውን ይሄዳል፤ ከኋላው የእግሩ ዱካ ቀርቷል። አንዴ ጣቶቹን ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ አድርጎ ይረግጣል፤ የራሱን ዱካ ዞሮ ያያል። ቀጥሎ እንጨት አግኝቶ ይጎትታል፤ በረዶው ላይ አዲስ መሥመር ይወጣል። በእንጨቱ ዛፍ ይመታና በረዶው አናቱ ላይ ይወርድበታል። ማምሻውን ለነገ ብሎ የበረዶ ኳስ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይገባል፤ በኋላ ሲፈልገው ኪሱ ባዶ ነው፤ ያዝናል። ታሪኩ ይኸው ነው። ፒተር ማንንም አያስተምርም፣ ማንም አይሰድበውም፣ ማንም አያቅፈውም። በረዶ ወርዷልና ሊጫወት ወጥቷል።

ይህ ተራ ነገር በ1962 ተራ አልነበረም። ናንሲ ላሪክ የተባለች የንባብ ባለሙያ በ1965 ባሳተመችው ጥናት፣ በሦስት ዓመት ከወጡ 5,206 የሕፃናት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁር ሰው የታየው በ349ኙ ብቻ መሆኑን ቆጥራ አሳይታለች። ኪትስ በ1963 ለሥዕላዊ መጻሕፍት የሚሰጠውን የኮልዴኮት ሜዳልያ ተሸለመ። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 ባወጣው ዝርዝር ደግሞ በታሪኩ ከሁሉም በላይ በውሰት የወጣው መጽሐፍ ይኸው ነው፤ 485,583 ጊዜ። ዛሬ በአሜሪካ ዋሽንግተን ዙሪያ የሚያድጉ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች ራሳቸው «ለየት ያሉት» ናቸው። ፒተርን ሲያገኙ ስለ ሌላ ሰው እያነበቡ አይደለም።

ይሁንና ኪትስን የተቹትም ነበሩ፤ «የልጁን ጥቁርነት ቃሉ አንድም ቦታ አያነሣውም» አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም፤ ልዩነትን ስም ሰጥቶ መጥራት ይሻላል ወይስ «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ ማለፍ?

በዚህ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በ2006 ሊንዚ ካሜሮንና አዳም ራትላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ዓመት ለሆናቸው፣ አካል ጉዳት ለሌለባቸው ልጆች ለስድስት ሳምንት ታሪክ እንዲነበብላቸው አደረጉ። ታሪኮቹ አካል ጉዳት ባለባቸውና በሌለባቸው ልጆች መካከል ስላለ ወዳጅነት ናቸው። ለአንዱ ቡድን ሲነበብ ትኩረቱ በእያንዳንዱ ልጅ ጠባይ ላይ ብቻ ሆነ። ለሌላው ቡድን ግን ጉዳቱ በግልጽ ተጠራ፤ ልጁ እንደ እሱ ያሉ የሌሎች ልጆችም ምሳሌ መሆኑ ተነገረ። አመለካከታቸው በይበልጥ የተሻሻለው በግልጽ የተነገራቸው ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ስደተኛ ልጆች በሠሩት ጥናትም፣ «የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው» የሚለውን ከስደተኛነታቸው ጋር አጣምረው የያዙት ታሪኮች ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። ልዩነቱን ደብቃችሁ ያስተዋወቃችሁት ልጅ ወዳጅ ቢያገኝ እንኳ፣ ነገ ከእሱ የሚመሳሰል ሌላ ልጅ ሲመጣ ያ ወዳጅነት ላይሻገርለት ይችላል።

ይህን ሳይሰብኩ የሚያደርጉ ሁለት መጻሕፍት ልጥቀስ። ፈረንሣዊቷ ኢዛቤል ካርዬ በ2009 ያወጣችው መጽሐፍ አናቶል የተባለ ልጅ አለው። አንድ ቀን ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ትንሽ ቀይ ድስት ላዩ ላይ ትወድቅበታለች፤ ከዚያ ወዲህ በገመድ ይጎትታታል። በየቦታው ትይዘዋለች፣ ታሰናክለዋለች፤ ሰዎችም የሚያዩት ድስቲቱን ብቻ ነው። ተማርሮ ከሥሯ ይደበቃል። በኋላ አንዲት ሴት ትመጣና ከድስቲቱ ጋር መኖርን ታስተምረዋለች፤ መያዣ ቦርሳም ትሰፋለታለች። ድስቲቱ ጠፋች? አልጠፋችም፤ እስከ መጨረሻው አለች። የተለወጠው አያያዙ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት ማንም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቬንዝዌላዊቷ ሜኔና ኮቲን የጻፈችው፣ ሮሳና ፋሪያ የሣለችው፣ በ2006 ሜክሲኮ ውስጥ የታተመው «ጥቁሩ የቀለማት መጽሐፍ» ነው። ገጹ በሙሉ ጥቁር ነው። ቶማስ የተባለ ዓይነ ስውር ልጅ ቀለማትን በጣዕም፣ በሽታና በዳሰሳ ይገልጻል፤ ስለ ቢጫ ሲናገር ሰናፍጭንና የጫጩት ላባን ያነሣል። በአንድ በኩል ጽሑፉ ከነብሬይሉ አለ፤ በሌላው በኩል ያለው ሥዕል በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ ከገጹ ከፍ ብሎ የታተመ ነው፤ በጣት ነው የሚነበበው። ዓይን ያለው አንባቢ ገጹን ወደ መብራት ያዘነብላል፣ ይደናበራል፣ ጣቱን ይሰድዳል፤ ጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቶማስ የማንንም ርኅራኄ አይፈልግም። የሚቸገረው የሚያየው ሰው ነው፤ መለወጥ ያለበትም እሱ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እየተባለ ሲተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ተራቹ ስለ ደፋርና ስለ ባለጌ እየተናገረ ይሆናል፤ ጥግ የተቀመጠው ልጅ የሚሰማው ግን የታመመ ሰው ከገበታ መራቅ እንዳለበት ነው። የሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ ከሆነ፣ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ካቆመ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱ ተገኘ፤ ተረቱ ግን አልዳነም። በቆዳው ጥቁረት የሚሰደበው፣ በአባቱ የሸክላ ወይም የብረት ሥራ «ቡዳ» የሚባለው፣ ኦቲዝም ያለበትና «ሰይጣን ያዘው» ተብሎ ጓዳ የሚቆለፍበት ልጅ ሁሉ ከመጽሐፍ በፊት የሚያገኘው ይህን አፍ ነው።

መጽሐፉስ? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣቱ አስቆጭቶት «ማሞ ቂሎ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2002 አሳተመ። በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎም አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየጫነ ልጆቹ ወዳሉበት አደረሰ። ውለታው ትልቅ ነው። ተረቱ ራሱ ግን በጥያቄያችን ቢመዘንስ? እናቱ የምትለውን ቃል በቃል እየወሰደ ሁሉን የሚያበላሸው ማሞ፣ ከሚነገሩት መጨረሻዎች በአንዱ፣ አህያ ተሸክሞ ሲያልፍ የሀብታም ልጅ አስቆ ሚስት ያገኛል። እንግዲህ ማሞም እንደ ሩዶልፍ ቂልነቱ ጠቅሞ ነው የተወደደው። ይህን የምለው ተረቱ ይጣል ለማለት አይደለም፤ ይነገር፤ ከተነገረ በኋላ ግን ልጁ ይጠየቅ፦ «ማሞ ባያስቃት ኖሮስ?»

ለደራስያንና ለሠዓልያን የምለው አለኝ። ስለ አካል ጉዳት ስንጽፍ ቶሎ የምንሄደው ወደ ስመ ጥሩው ነው። የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለች ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት። ልጆቻችን ሊያውቋት ይገባል። ነገር ግን ሽልማት የማታገኘው ዓይነ ስውር ልጅስ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ ድብብቆሽ የምትጫወተው መቼ ነው? የምታኮርፈው፣ የታናሿን ዳቦ ሰርቃ የምትበላው፣ እንቁጣጣሽ ላይ ከሌሎቹ ጋር «አበባየሆሽ» እያለች በር የምታንኳኳው መቼ ነው? በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ሥዕሉ ውስጥ እንዲገኝ ታሪኩ ስለ ዊልቸር መሆን የለበትም። የገበያ ሥዕል ስትሥሉ አንዱ ሽንኩርት ሻጭ በክራንች ይቁም፤ የመማሪያ ክፍል ስትሥሉ ሁለት ልጆች በምልክት ቋንቋ ያውሩ። ማንም ምክንያቱን አይጠይቃችሁም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ ከመጽሐፉ ይከብዳል። ሚኒባስ ውስጥ ልጃችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማዬ፣ ሰውዬው እጁ የት ሄደ?» ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን «ዝም በል! ነውር ነው!» ብለን እንቆነጥጠዋለን። ልጁ ያን ዕለት የሚማረው ሰውየው የማይነሣ ጉዳይ መሆኑን ነው። ሥዕላዊ መጽሐፍ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የፈለገውን ያህል ጊዜ አፍጥጦ ቢያይ የሚያፍር፣ የሚቆስል ሰው የለም። ስለዚህ ስታነቡለት ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ጣቱን ሲቀስር ጠብቁት። ሲጠይቅ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡት፦ «እግሩ አይሄድለትም፤ ስለዚህ በዚህ ይሄዳል።» «ምስኪን» የምትለዋን ቃል አትጨምሩ፤ ደራሲው ካልጻፋት እናንተም አታምጧት። በሚኒባሱም መልሱ ያው ነው፤ ጨዋ በሆነ ድምፅ ይነገር እንጂ አይደበቅ።

መጽሐፍ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ስለ ዓይነ ስውር ልጅ አንብቦ የጨረሰ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ብሬይል ካልቀረበለት ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። መጽሐፉ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያ ተማሪ የመጣ ዕለት በሩ ላይ እንግዳ ሆኖ እንዳይቆም አስቀድሞ ያስተዋውቀዋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሕፃናት መጽሐፍ ስትገዙ፣ ስታሳትሙ ወይም ለትምህርት ቤት ስትመርጡ ከሽፋኑ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። የተለየው ልጅ አምሮ፣ ድኖ ወይም መንደሩን አድኖ ብቻ ቦታ ያገኘ ከሆነ መጽሐፉን መግዛት ትችላላችሁ፤ ግን ብቻውን አትስጡት፤ ከጎኑ ፈርዲናንድን የመሰለ አንድ ያስቀምጡለት ዘንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቻችንን ጎትጉቱ። ከሌላቸው፣ ጸሐፊ ከሆናችሁት መካከል አንዳችሁ ጻፉት። ማንም ልጅ ሰው ሆኖ ለመቆጠር ውለታ መዋል የለበትም።